የታመመን ፈረስ ለይቶ ስለ ማኖር

ፈረስ በኢትዮጵያ ጦርነቶች ስለ ፈጸመው ሥራ ብዙ ተጽፏል፤ ፈረሱን ስለሚገድለው በሽታ ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ የጋማ ከብቱ ያለቀበት ሠራዊት ጦር ከመታው ሠራዊት ብዙ አይሻልም።

በ1860 ዓ.ም. በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ዐፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት በቀይ ባሕር ዳር በዙላ በወረደ ጊዜ፣ ከፈረሶቹና ከበቅሎዎቹ ብዙዎቹ በዚያው በጠረፉ አለቁ። አንዳንዶቹን የገደላቸው የውሃ ጥም ነበር፤ ሌሎቹን ግን ሳንባን በአረፋ ሞልቶ በጥቂት ቀን የሚገድለው የፈረስ በሽታ ፈጃቸው። አዛዦቹም ምክንያቱን ሳያውቁ ፈረሰኛውን ከቆላው አውጥተው ወደ ሰንአፌ ደጋ ለመላክ ተጣደፉ።

ምክንያቱ የታወቀው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። በሽታው የሚመጣው ከቫይረስ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1944 ዱ ቶይት የተባለ የደቡብ አፍሪካ ሊቅ ቫይረሱን ከፈረስ ወደ ፈረስ የምታደርሰው ደቃቅ ትንኝ መሆኗን አስረዳ። እንግዲህ በዚህ በሽታ የታመመውን ፈረስ ከጤነኛው ማራቅ ብቻ አይበቃም፤ ትንኟ ከምሽት እስከ ንጋት ስለምትበር፣ ሁለቱንም በሌሊት ከትንኝ መለየት ያስፈልጋል። አባቶቻችን ፈረስን በቤት ውስጥ በጋጥ ያሳድሩ የነበረው ጅብንና ሌባን ፈርተው ነው፤ ነገር ግን ግድግዳውና የምድጃው ጢስ ትንኝንም ሳይከለክሉ አልቀሩም። ይህ ጥንቃቄ እንዳይናቅ፣ ይኸው በሽታ እ.ኤ.አ. ከ1959 እስከ 1961 ከአፍሪካ ወጥቶ እስከ ሕንድ ድረስ ከ300,000 የሚበልጡ የጋማ ከብቶችን መፍጀቱን ማሰብ ይገባል።

ሁለተኛው በሽታ የጋሪ ፈረሶቻችንን ቆዳ በእባጭና በቁስል የሚሸፍነው ነው። የዚህ ምክንያት ፈንገስ ነው፤ የሚተላለፈውም በቁስል፣ በዝንብና ከአንዱ ፈረስ ወደ ሌላው በሚዛወር የጋሪ ዕቃ ነው። እዚህ ላይ የታመመውን መለየት እውነተኛ መድኃኒት ይሆናል። እንግሊዞች ከደቡብ አፍሪካ ጦርነት በተመለሱ ፈረሶች ወደ አገራቸው የገባውን ይህን በሽታ፣ የታመሙትን እየለዩና እየገደሉ እ.ኤ.አ. በ1906 አጥፍተውታል።

በእኛ አገር ግን ነገሩ ይከብዳል። ባለ ጋሪ የዕለት እንጀራውን የሚያገኘው ከዚያው ከአንዱ ፈረስ ነው፤ ፈረሱን ለወር ከሥራ የለየ እንደ ሆነ የልጆቹንም እንጀራ ለየ ማለት ነው። ስለዚህ «ለይ» ብሎ ማዘዝ ብቻውን ፍሬ የለውም፤ ሕክምናና ለባለቤቱም መደጎሚያ አብረው ሊታሰቡ ይገባል። እስከዚያው ድረስ የጋሪን ዕቃ አለመዋዋስ፣ የልጓምንና የኮርቻን ቁስል ቶሎ ማጠብና ከዝንብ መሸፈን ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ይህንም ለባለ ጋሪው ልጅ የሚነግረው ሌላ ሰው ካልተገኘ፣ መምህሩ አለ።