80 ሰዓት እና ስድስት ወር፦ ጆሹዋ ዎንግ በሆንግ ኮንግ ፍርድ ቤቶች



ከጥቂት ዓመታት በፊት የእስያን ዘመናዊ ታሪክ ሳስተምር አንድ ስሕተት ሠርቻለሁ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2018 የሆንግ ኮንግ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በሦስት ወጣቶች ላይ ተጥሎ የነበረውን የእስራት ቅጣት መሻሩን ጠቅሼ፣ ይህ የነጻ ዳኝነት ድል ነው አልሁ። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «ፍርዱን እስከ መጨረሻው አንብበውታል?» ስትል ጠየቀችኝ። አላነበብሁትም ነበር፤ ያየሁት የጋዜጣ ዘገባ ብቻ ነው። የዛሬው ንግግሬ ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሦስቱ አንዱ ጆሹዋ ዎንግ ነበር። የተወለደው በኦክቶበር 1996፣ ብሪታንያ ሆንግ ኮንግን ለቻይና ከማስረከቧ አንድ ዓመት ሳይሞላ ቀደም ብሎ ነው። በ14 ዓመቱ፣ በ2011፣ ከጓደኞቹ ጋር ስኮላሪዝም የተባለውን የተማሪዎች ማኅበር አቋቋመ። ዓላማው አንድና ግልጽ ነበር፦ መንግሥት በትምህርት ቤቶች ግዴታ ሊያደርገው ያሰበውን የሥነ ምግባርና የብሔራዊ ትምህርት ማስቀረት። በሴፕቴምበር 2012 በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ የመንግሥቱን ዋና መሥሪያ ቤት ከበበ፤ የከተማዋ ዋና አስተዳዳሪም ትምህርቱ ግዴታ መሆኑ እንዲቀር አደረጉ። አንድ የ15 ዓመት ልጅ በእንዲህ ዓይነቱ ትግል አሸንፎ ወደ ክፍሉ ሲመለስ ስለ መንግሥት ምን ተምሮ እንደሚመለስ አስቡት። አደባባይ የወጣ ሕዝብ ይደመጣል ብሎ ነው የሚመለሰው። ከዚያ በኋላ ያደረገውን ሁሉ ያለዚህ መረዳት ያስቸግራል።

በኦገስት 2014 ቤጂንግ ለዋና አስተዳዳሪነት የሚወዳደሩት ዕጩዎች አስቀድመው በአንድ አስመራጭ ጉባኤ እንዲጣሩ ወሰነች። በሴፕቴምበር 26 ምሽት ዎንግና ሌሎች ተማሪዎች የታጠረውን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግቢ አጥር ዘለው ገቡ። በግርግሩ የጥበቃ ሠራተኞች ተጎድተዋል፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። ዎንግ ከ40 ሰዓት በላይ ታስሮ፣ አካልን ነጻ ለማውጣት በቀረበ አቤቱታ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተለቀቀ። በዚያ ምሽት የተጫረው ተቃውሞ ጎዳናዎችን ለ79 ቀናት ዘግቶ ቆየ፤ ዓለምም የጃንጥላ ንቅናቄ ብሎ አወቀው።

ክሱ ሕገ ወጥ ስብሰባ የሚል ነበር። ክሱ የተመሠረተበት የሕዝብ ጸጥታ ሕግ የቤጂንግ ሥራ አይደለም፤ በ1967 በሆንግ ኮንግ ከተነሣው ሁከት በኋላ የብሪታንያ ቅኝ አስተዳደር ያወጣው ነው። (በዚያው ዓመት መጀመሪያ፣ በእኛ በ1959 ዓ.ም.፣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ስለ ሰላማዊ ሰልፍ አዋጅ አውጥቶ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተቃውመውት ነበር። ሁለቱን ሕጎች የሚያገናኝ ክር የለም፤ ለሕግ ታሪክ አጥኚ ግን የዓመቱ መገጣጠም ሳያስቆም አያልፍም።)

በኦገስት 2016 የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ዳኛ ወጣቶቹ ለእምነታቸው ሲሉ እንጂ ለጥቅም እንዳልተነሡ ተቀብለው፣ ዎንግ ለ80 ሰዓት፣ ጓደኛው ኔተን ሎው ለ120 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት እንዲሰጡ ፈረዱ። ሦስተኛው፣ አሌክስ ቾው፣ የታገደ የሦስት ሳምንት እስራት ተፈረደበት። ሁለቱ የታዘዙትን ሰዓት ሠርተው ጨረሱ።

ዎንግና ጓደኞቹ በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ ዴሞሲስቶ የተባለ ፓርቲ መሥርተው ነበር። ከአደባባይ ወደ ምክር ቤት ለመሻገር ማሰባቸው ነው፤ ሥርዓቱ ራሱ ያስቀመጠው በር ይህ ነበርና። ለምክር ቤት ለመወዳደር 21 ዓመት መሙላት ስለሚያስፈልግና ዎንግ ገና 19 ስለነበረ፣ የ23 ዓመቱ ሎው ቀረበ። ከ50,000 በላይ ድምፅ አግኝቶ በሆንግ ኮንግ ምክር ቤት ታሪክ ከሁሉ የሚያንስ ወጣት አባል ሆነ። ዓመት ሳይሞላው፣ በጁላይ 2017፣ ቃለ መሐላውን በአግባቡ አልፈጸምህም ተብሎ ወንበሩን በፍርድ ተነጠቀ።

ከአንድ ወር በኋላ ዐቃቤ ሕግ የቅጣቱን ማነስ ተቃውሞ ያቀረበው አቤቱታ ውሳኔ አገኘ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ዎንግን ስድስት ወር፣ ሎውን ስምንት ወር፣ ቾውን ሰባት ወር አሰረ። በሆንግ ኮንግ ሕግ ከሦስት ወር በላይ እስራት የተፈረደበት ሰው ለአምስት ዓመት ለምርጫ መቅረብ አይችልም። ስለዚህ በእኔ ግምት ከስድስቱ ወር ይልቅ የከበደው አምስቱ ዓመት ነው፤ ዳኞቹ ይህን አስበው ፈረዱ ለማለት ግን ማስረጃ የለኝም።

ወደ ተማሪዬ ጥያቄ እመለሳለሁ። በፌብሩዋሪ 6 ቀን 2018 የመጨረሻው ፍርድ ቤት እስራቱን ሻረ። ይህን ጋዜጣውም ጽፎታል። ፍርዱ ግን በሁለት እጁ ነው የሠራው። በአንዱ እጁ፣ አዲሱ ጠንካራ የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊሠራ ስለማይገባ ሦስቱን ነጻ አወጣ። በሌላው እጁ፣ ኃይል የታከለበት ሕገ ወጥ ስብሰባ ወደፊት በእስራት እንዲቀጣ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ያወጣውን መመሪያ አጸደቀ። ዎንግ በግሉ ረታ፤ ከእርሱ በኋላ ሰልፍ የወጣው ሁሉ ግን በአዲሱ መስፈሪያ ተሰፈረ።

የሕግ ባልደረቦቼ፣ ፍርድ ቤቱ ሥራውን ነው የሠራው፤ ወደ ኋላ ያለመመለስን መርሕም አስከብሯል ይሉኛል። እውነት ነው፤ የእኔም ክርክር ከዚሁ ይነሣል። ብዙ ጸሐፊዎች የሆንግ ኮንግን የሕግ ስብራት የብሔራዊ ደኅንነት ሕግ ከወጣበት ከጁን 30 ቀን 2020 ይጀምራሉ። እኔ ግን ስብራቱ ቀድሞ፣ በመደበኛ ችሎት፣ በጨዋ ቋንቋና ነቀፋ በማይገኝበት አመክንዮ ሲዘጋጅ አያለሁ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ባጭሩ ልናገር። በኦክቶበር 2019 ዎንግ ለአካባቢ ምክር ቤት እንዳይወዳደር ታገደ። የደኅንነቱ ሕግ በወጣበት ቀን ዴሞሲስቶ ፈረሰ። በዲሴምበር 2020፣ በ2019 የፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤት ስለተከበበበት ሰልፍ፣ 13 ወር ተኩል ተፈረደበት። በጁላይ 2020 ተቃዋሚዎች ዕጩዎቻቸውን ለመለየት ባካሄዱት ምርጫ ሰበብ መንግሥትን ለመገልበጥ አሲረዋል ተብለው 47 ሰዎች ተከሰሱ፤ ዎንግ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ፣ በኖቬምበር 2024 አራት ዓመት ከስምንት ወር ተፈረደበት። በጁን 2025፣ ገና እስር ቤት ሳለ፣ ከውጭ ኃይሎች ጋር በማሴር ዳግም ተከሰሰ፤ የዚህ ወንጀል ጣሪያ የዕድሜ ልክ እስራት ነው።

የ2018ቱን ፍርድ ሙሉ ቃል አሁን በትምህርቱ ንባቦች ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ያን ጊዜ ያነበብሁትን የጋዜጣ ዘገባም አላወጣሁትም፤ ተማሪዎች ሁለቱን ጎን ለጎን ያነብባሉ።