መኪናው ዝም ሲል፦ የአንዲት ሶኬት ታሪክ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶች። ይህን ሲሉ መኪና አላሰቡም። እኔ ግን ሰሞኑን ተረቱን በሰማሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ መኪና ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያቺ ብርቱካናማ የሞተር ምልክት ትበራለች። ባለቤቱ ወደ ጋራዥ ይወስደዋል። መካኒኩ ኮድ ማንበቢያውን ከመሪው ሥር ያለችው ሶኬት ላይ ይሰካዋል። መሣሪያው ትንሽ ያስብና «መገናኘት አልተቻለም» ብሎ ቁጭ! ሞተሩ ይሠራል፣ ሬዲዮው ይዘፍናል፣ መኪናው ግን ለመርማሪው አንዲት ቃል አይተነፍስም።

ይሄኔ ብዙ ሰው ከሁለት አንዱን ይላል፦ ወይ «ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል»፣ ወይ «ማንበቢያው ፎርጅድ ነው»። ሁለቱም አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን የዝምታው ምክንያት ሌላ ነው፤ ምክንያቱን ለማግኘትም ታሪክ ይጠቅማል። አዎ፣ ታሪክ! «ጋዜጠኝነት የተማረች ልጅ ከመኪና ሶኬት ጋር ምን አገናኛት?» የምትሉ አትጠፉም። መልሴ አጭር ነው። ማን ከማን ጋር ይነጋገር? በምን ቋንቋ? በማን ፈቃድ? እነዚህ የእኔም ሙያ ጥያቄዎች ናቸው። የዚህች ሶኬት ታሪክ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስለዚሁ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በጭስ ነው

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1943 ነው፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና አላበቃም። በአሜሪካዋ ሎስ አንጀለስ ከተማ ድንገት ጉም የመሰለ ነገር ወረደ። ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይከረክራል። አንዳንዱ ነዋሪ ጃፓን የመርዝ ጋዝ የለቀቀችበት መስሎት ተሸበረ። በኋላ አንድ ፋብሪካ ተጠርጥሮ ተዘጋ፤ ጭሱ ግን አልሄደም።

እንቆቅልሹን የፈታው አሪ ሃገን-ስሚት የሚባል፣ በትውልዱ ሆላንዳዊ የሆነ የኬሚስትሪ ሊቅ ነው። ሰውዬው በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ውስጥ የአናናስን ሽታና ጣዕም ሲያጠና የነበረ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ግን ከተማዋን የሚያፍናት ነገር ከነዳጅ የሚወጡ ጋዞች በፀሐይ ብርሃን ተለውጠው የሚፈጥሩት መሆኑን አሳየ። ዋናው ተጠያቂ እያንዳንዱ ሰው ደጁ ላይ ያቆመው መኪና ነበር። በ1967 ካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድ የሚባል መሥሪያ ቤት ስታቋቁም የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ሃገን-ስሚት ሆነ። በ1970 ደግሞ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የንጹሕ አየር ሕግን አወጣ። ሕጉ አምራቾች ከመኪና የሚወጣውን ዋና ዋና በካይ ጋዝ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በ90 በመቶ እንዲቀንሱ አዘዘ።

በድሮው ካርቡሬተር ብቻ ይህ የሚቻል አልነበረም። ነዳጁንና አየሩን በየቅጽበቱ እየለካ የሚያመጣጥን አንጎል ያስፈልግ ነበር። ኮምፒውተር ወደ ተራው ሰው መኪና በብዛት የገባው እንዲህ ነው። ልብ በሉ፤ የገባው ለቅንጦት አይደለም፣ ሕግ አስገድዶ ነው።

መኪና አፍ ሲፈታ

አንጎል ያለው ነገር ሲታመም ደግሞ ሕመሙን የሚናገርበት አፍ ያስፈልገዋል። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ በመኪኖቹ ላይ የምርመራ ሶኬት ማስገባት ጀመረ። ሶኬቷ መጀመሪያ የታሰበችው ለባለ ጋራዥ ሳይሆን ለፋብሪካው ነው፤ መኪናው ከመገጣጠሚያው መስመር ሲወጣ ለመፈተሽ። ቢሆንም መካኒኮች መንገዱን አገኙት። ሁለት ቀዳዳዎችን በቁራጭ ሽቦ ስታገናኙ የሞተሩ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ይቆጥርላችኋል። አንድ ብልጭታ፣ ፋታ፣ ከዚያ ሁለት ብልጭታ፦ ኮድ 12።

ቶዮታም የራሱ ዘዴ ነበረው። በ1990ዎቹ በተሠሩ ብዙ ቶዮታዎች ላይ፣ ኮፈኑ ሥር ባለችው ትንሽ ሳጥን ውስጥ፣ «ቲኢ1» እና «ኢ1» የተባሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በሽቦ አገናኝቶ ቁልፉን መክፈት ነው። መብራቷ ትናገራለች። ስካነር የለ፣ ኢንተርኔት የለ፣ ቁራጭ ሽቦና መቁጠር የሚችል ሰው ይበቃል።

ችግሩ ግን ሁሉም በየራሱ ቋንቋ መናገሩ ነበር። የጂኤም ሶኬት ከፎርድ አይገጥምም፤ የፎርድ ኮድ ለክራይስለር ትርጉም የለውም። እውነተኛ የባቢሎን ግንብ! ሁሉንም መኪና መጠገን የሚፈልግ ትንሽ ጋራዥ የየኩባንያውን መሣሪያ መግዛት ሊኖርበት ነው። ወይም ደንበኛውን «ወደ ኩባንያው ጋራዥ ሂድ» ብሎ ማሰናበት። ካሊፎርኒያ ከ1988 ሞዴል ጀምሮ መኪኖች ራሳቸውን እንዲመረምሩ አስገደደች። ይህ የመጀመሪያው ትውልድ፣ ኦቢዲ-1 የሚባለው ነው። ሶኬቱንና ቋንቋውን ግን አንድ አላደረገም።

ቀጣዩ እርምጃ ነው ወሳኙ። በ1990 የንጹሕ አየር ሕጉ ሲሻሻል ሁለት ነገር ተጨመረ። መኪኖች የጭስ መቆጣጠሪያቸውን ራሳቸው እንዲመረምሩ ታዘዘ፤ አምራቾችም ለጥገና የሚያስፈልገውን መረጃ ለማንኛውም መካኒክ እንዳይከለክሉ ተደነገገ። ከ1996 ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጥ ማንኛውም አዲስ አውቶሞቢል አንድ ዓይነት ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት ከሹፌሩ አጠገብ እንዲኖረው ግዴታ ሆነ። ይህ ኦቢዲ-2 ነው። አውሮፓ በ2001 ለቤንዚን፣ በ2004 ለናፍጣ መኪኖች ተከተለች።

እናላችሁ፣ ዛሬ የሰፈር መካኒክ በርካሽ መሣሪያ ውድ መኪና መመርመር የሚችለው ኩባንያዎች ደግ ስለሆኑ አይደለም። ሳንባ ያቃጠለው ጭስ ሕግ አስወጣ፤ ሕጉ ሶኬቷን አስከፈተ።

አንድ ሶኬት፣ አምስት ቋንቋ

ግን ሕጉ ሲወጣ ድርድር ነበረበት። ሶኬቷ አንድ ሆነች፤ በውስጧ የሚነገረው ቋንቋ ግን አንድ አልሆነም። ፎርድ የራሱን ያዘ፣ ጂኤም የራሱን ያዘ፤ ክራይስለርና ብዙዎቹ የአውሮፓና የእስያ አምራቾች ሦስተኛ ቋንቋ መረጡ። ከዚያ አራተኛ ተጨመረ። አምስተኛው የጀርመኑ ቦሽ በ1986 ለዓለም ያስተዋወቀው «ካን» የተባለው መስመር ነው። አሜሪካ ሁሉም በካን ብቻ እንዲነጋገሩ ያስገደደችው ከ2008 ሞዴል ጀምሮ ነው። ስለዚህ በ1996 እና በ2008 መካከል የተሠሩ ሁለት መኪኖች ሶኬታቸው አንድ ሆኖ ቋንቋቸው ሊለያይ ይችላል።

አሁን ወደ ዝምተኛው መኪናችን እንመለስ። ጎበዝ መካኒክ ኮምፒውተሩን ከመርገሙ በፊት ታሪኩን ከታች ወደ ላይ ይወጣዋል።

አንደኛ፣ ማንበቢያው ራሱ ይበራል? በሕጉ መሠረት 16ኛው ቀዳዳ ሁልጊዜ የባትሪ ኃይል አለው፤ 4ኛውና 5ኛው ደግሞ የኔጌቲቭ ናቸው። መሣሪያው ካልበራ ችግሩ ኮምፒውተሩ ላይ ሳይሆን ፊውዝ ላይ ሊሆን ይችላል። በብዙ መኪኖች ያ ፊውዝ ከሲጋራ መለኮሻው ጋር የጋራ ነው። ርካሽ የስልክ ቻርጀር ያቃጠለው ፊውዝ መኪናውን ዲዳ አድርጎት ይገኛል!

ሁለተኛ፣ ቁልፉ ተከፍቷል? ቀላል ይመስላል። ሶኬቷ ቁልፍ ሳይከፈትም ኃይል ስላላት ማንበቢያው ይበራል፤ የሞተሩ ኮምፒውተር ግን እንደተኛ ነው።

ሦስተኛ፣ ቋንቋው የትኛው ነው? ሶኬቷ ውስጥ በባትሪ ማየት ፍንጭ ይሰጣል። 6ኛውና 14ኛው ቀዳዳ ውስጥ ብረት ካለ ካን ሊሆን ይችላል፤ 7ኛው ካለ የድሮው የእስያና የአውሮፓ ቋንቋ፤ 2ኛው ካለ የድሮው ፎርድ ወይም ጂኤም። ታዲያ መሣሪያችሁ ያንን ቋንቋ ያውቃል? እዚህ ጋ የፎርጅዱ ነገር ይመጣል። በስልክ የሚሠሩት ትንንሽ ማንበቢያዎች አባት ኤልም 327 የሚባል ቺፕ ነው፤ የሠራው ኤልም ኤሌክትሮኒክስ የሚባል የካናዳ ኩባንያ ነው። የመጀመሪያው ዕትም ከቅጂ መከላከያ ስላልነበረው ገበያው በኮፒ ተጥለቀለቀ። ከኮፒዎቹ መካከል አንዳንዶቹ አምስቱንም ቋንቋ እናውቃለን ይላሉ እንጂ ሁሉንም አይናገሩም።

አራተኛ፣ መስመሩ ጤነኛ ነው? ካን ላይ ሁሉም ኮምፒውተሮች በሁለት ሽቦ ይነጋገራሉ፤ በሁለቱ ጫፎች 120 ኦም መቋቋሚያ አለ። ባትሪው ተነቅሎ በ6ኛውና በ14ኛው መካከል በቴስተር ሲለካ 60 ኦም ገደማ ከመጣ ጥሩ ነው። 120 ከመጣ አንዱ ጫፍ ተቆርጧል። ዜሮ አካባቢ ከሆነ ሽቦዎቹ ተነካክተዋል። ያን ጊዜ ኮምፒውተሮቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ የትኛው ሲነቀል መስመሩ እንደሚተነፍስ ማየት ነው። በኋላ የተገጠመ ሬዲዮ፣ አላርም ወይም ጂፒኤስ ካለ ጥርጣሬው ከእሱ ይጀምራል።

አምስተኛ፣ በአዳዲስ መኪኖች በረኛ አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ ቻርሊ ሚለርና ክሪስ ቫላሴክ፣ ጂፕ ቼሮኪን በኢንተርኔት ከሩቅ ተቆጣጥረው አሳዩ። 1.4 ሚሊዮን መኪኖች ለማስተካከያ ተጠሩ። ከዚያ በኋላ ያው አምራች ከ2018 ሞዴሎቹ ጀምሮ በሶኬቷና በኮምፒውተሮቹ መካከል የጥበቃ በር አቆመ። ያልተመዘገበ መሣሪያ ኮድ ቢያነብ እንኳ ማጥፋት ይከለከላል። በሩ ከሌባ ይጠብቃል፤ የሰፈሩንም መካኒክ ያስቆማል።

እኛ ጋ ሲደርስ

ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ የሚነዱ ዘመዶች ያሏችሁ ጠይቋቸው። በሰሜን ቨርጂኒያ የጭስ ምርመራ የሚደረገው በዚችው ሶኬት ነው፤ ከመርማሪው ጋር አልነጋገርም ያለ መኪና ምርመራውን አያልፍም። እዚያ ዝምታ ያስከፍላል።

የአሜሪካ ሕግ ግን የሚገዛው አሜሪካ የሚሸጠውን መኪና ነው፤ የአውሮፓውም አውሮፓ የሚሸጠውን። አዲስ አበባ ያለው መኪና ደግሞ ከየትም ነው የመጣው፤ ብዙው በዱባይ በኩል ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ገበያ የተሠራ ነው። ስለዚህ ሁለት ተመሳሳይ የ2000 ሞዴል ኮሮላዎች ጎን ለጎን ቆመው አንዱ ቢናገርና ሌላው ዝም ቢል አይግረማችሁ። አንዱን ሕግ አናግሮታል፤ ሌላውን ያስገደደው የለም። የቦሌም ሆነ የሶማሌ ተራ መካኒክ «የየት አገር ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ወሬ ፍለጋ አይደለም፤ ምርመራ ጀምሯል ማለት ነው።

ጭስ የሌለው መኪና ለማን ይናገራል?

ይህን ሁሉ የቆፈርኩት ወደዚህ ጥያቄ ለመድረስ ነው። የሶኬቷ መብት የመጣው ከጭስ ሕግ ነው ብለናል። የኤሌክትሪክ መኪና ጭስ የለውም። ስለዚህ ያ ሕግ አልነካውም። ብዙ የኤሌክትሪክ መኪኖች ባለ 16 ቀዳዳዋ ሶኬት አላቸው፤ ተራ ኮድ ማንበቢያ ሲሰካባቸው ግን ብዙ ጊዜ መልስ የለም። በሩ አለ፣ ቤቱ ውስጥ ሰው አለ፣ የሚከፍት ግን የለም።

የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ፣ በእኛ 2016 ዓ.ም.፣ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። ጎዳናው በቻይና የኤሌክትሪክ መኪኖች መሞላት ጀመረ። ለአየራችን ደስ ይለኛል፤ የአውቶቡስ ጭስ የበላ ሰው ይህን ያውቃል። ጥያቄዬ ሌላ ነው። እነዚህ መኪኖች ሲታመሙ ሕመማቸውን የሚነግሩት ለማን ነው? ለአስመጪው ብቻ ከሆነ ዋጋውን የሚወስነው እሱ ነው፤ አስመጪው ሲጠፋ መኪናውም ዲዳ ሆኖ ይቀራል። በቁራጭ ሽቦ ብልጭታ እየቆጠረ አገር ያስነዳው መካኒክም ከጨዋታ ይወጣል።

ሌሎች አገሮች ነገሩን ቀድመው አይተውታል። የማሳቹሴትስ ሕዝብ በ2012 ድምፅ ሰጥቶ የመጠገን መብትን ሕግ አደረገ፤ በ2020 ደግሞ መኪናው በገመድ አልባ የሚልከውን መረጃ እንዲጨምር በድጋሚ ድምፅ ሰጠ። ካሊፎርኒያም በ2022 ባወጣችው ደንብ ከ2026 ሞዴል ጀምሮ የኤሌክትሪክ መኪኖች የባትሪያቸውን ጤንነትና ሌላ መረጃ በወጥ ደረጃ እንዲናገሩ አዘዘች። ከ1943ቱ ጭስ የተማረች ክፍለ አገር ጭስ ለሌለውም መኪና አንደበት አበጀች።

እኛስ? መኪና የሚያስገባ አገር አምራቹን ማዘዝ ይከብደው ይሆናል፤ አስመጪውን ግን ማዘዝ ይችላል። «መመርመሪያውንና የጥገና መረጃውን ይዘህ ግባ» ለማለት ፋብሪካ አያስፈልግም፤ አንድ አንቀጽ ይበቃል። ሎስ አንጀለስ ጭሱ ዓይኗን እስኪያቃጥላት ጠበቀች። እኛ የምንጠብቀው የባትሪዎቹ ዋስትና የሚያልቅበትን ቀን ከሆነ፣ ያን ቀን በየጋራዡ ደጃፍ የሚደረደሩት መኪኖች ሁሉ አንድ ዓይነት መልስ ነው የሚሰጡን፦ መገናኘት አልተቻለም።

ቸር እንሰንብት።