ሁለቱ አንገረቦችና ደለላቸው

አንገረብ በተባለ ጊዜ የአብደራፊ ሰውና የጎንደር ከተማ ሰው የሚያስቡት ወንዝ አንድ አይደለም። ታላቁ አንገረብ ከጎንደር በስተሰሜን ካለው ደጋ ተነሥቶ በአርማጭሆ ቆላ ወደ ምዕራብ ይወርድና ሱዳን ገብቶ ከአትባራ ይቀላቀላል። ትንሹ አንገረብ ግን ጎንደርን ታክኮ ወደ ደቡብ ይፈስስና በመገጭ በኩል ጣና ይገባል። መንገዳቸው ቢለያይም ሁለቱም ክረምት በመጣ ቁጥር ከታረሰው ተዳፋት ብዙ ዐፈር ጠርገው ይወርዳሉ። ስለ ግድብ ዕድሜና ደኅንነት ሲነገር መነሻው ይህ ዐፈር መሆን ይገባዋል።

በትንሹ አንገረብ ላይ ለጎንደር የመጠጥ ውኃ የተሠራው ግድብ በ1980ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ አገልግሎት የጀመረ ነው። ተፋሰሱ ወደ 70 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ግድቡ ሲሠራ 5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ እንዲይዝ ታስቦ ነበር። የተተመነለት የአገልግሎት ዘመን 25 ዓመት ነው። እንግዲህ እንደ ግድብ ገና ጎልማሳ ቢሆንም በተተመነለት ዘመን ሲመዘን አርጅቷል።

ደለል የሚቀንሰው የውኃውን መጠን ብቻ ነው የሚል አስተሳሰብ በሙያ ጓደኞቻችን ዘንድ እንኳ አይጠፋም። ነገሩ ከዚህ ይከፋል። ደለሉ የታችኛውን መውጫ ከደፈነ፣ በግድቡ አካል ላይ ስንጥቅ ወይም ያልተለመደ ስርገት በታየ ጊዜ ውኃውን ፈጥኖ ማጉደል አይቻልም። የማጠራቀሚያው ቦታ ሲጠብ ደግሞ ጎርፉ ሳይበርድ በሙሉ ኃይሉ ወደ ማስተንፈሻው ይደርሳል። የኮንክሪት ግድብ በአናቱ የሚሻገርን ውኃ ለጊዜው ሊችል ይችላል፤ የዐፈር ሙሌት ግን በጥቂት ሰዓት ታጥቦ ይበጠሳል። ስርገትም ቢሆን ጥሩና መጠኑ የማይለዋወጥ ከሆነ ብዙ አያሰጋም። ደፍርሶ ከወጣ ግን ግድቡ ከውስጥ እየተበላ ለመሆኑ ምልክት ነው።

የታላቁ አንገረብ ዐፈር ድንበር ተሻግሮ የሠራውን ታሪክ በኻሽም ኤል ጊርባ እናገኛለን። ይህ የአትባራ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1964 የተፈጸመ ሲሆን፣ በአስዋን ታላቅ ግድብ ምክንያት ከዋዲ ሐልፋ ለተነሡት ኑቢያውያን እርሻ ውኃ እንዲሰጥ የታቀደ ነበር። 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የነበረው አቅሙ ከጊዜ በኋላ ወደ ግማሽ ወረደ። እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ በጎርፍ ወራት በሮቹን ከፍቶ ደለሉን ማጠብ ግድ ሆነ፤ ዓሣውም አብሮ አለቀ። ውድ መድኃኒት ነው። ቢሆንም የሚከፈት በር ስለነበረው ተቻለ፤ ትንንሾቹ ግድቦች አብዛኛውን ጊዜ ይህ ዕድል የላቸውም።

ትንሽ ግድብ አደጋውም ትንሽ ነው የሚል ካለ፣ 25 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይይዝ የነበረውን የአርባዓት ግድብ ይመልከት። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 ከከባድ ዝናብ በኋላ ተደርምሶ በግርጌው ያሉትን መንደሮች አጥፍቷል፤ ፖርት ሱዳንንም ዋና የውኃ ምንጯን አሳጥቷታል።

በአብደራፊ ዙሪያ ባሉት የክረምት ጅረቶች ላይ ግድብ ለመሥራት የሚያስብ መሐንዲስ ከደለሉ ሌላ ዋልካው ይጠብቀዋል። ይህ ጥቁር ዐፈር በእርጥበት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ የሰሊጥ ማሳ ያየ ሁሉ የስንጥቁን ጥልቀት ያውቀዋል። ብቻውን ለሙሌት ከዋለ፣ በመጀመሪያው ጎርፍ ውኃው በደረቁ ስንጥቆች መንገድ ያገኛል። የደለሉን ከፍታ በየበጋው መለካት ደግሞ አንድ ጀልባ፣ ምልክት የተደረገበት ገመድና የእርሳስ ክብደት ካለ የሁለት ሰዎች ሥራ ነው።