የምህንድስና ተማሪዎች የውጤት ማነስና የመጀመሪያው ዓመት ትምህርት ታሪክ

በዩኒቨርሲቲዎቻችን የምህንድስና ተማሪዎች ውጤት ዝቅ ባለ ቁጥር ጥፋቱ በተማሪው ስንፍና ወይም በመምህሩ ጥብቅነት ሲመካኝ ይሰማል። ሁለቱም ድርሻ አይጠፋቸውም፤ የችግሩ ሥር ግን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪውን ለዩኒቨርሲቲ በሚያስረክብበት መጋጠሚያ ላይ እንደሚገኝ የትምህርታችን ታሪክ ያስረዳል።

የምህንድስና ኮሌጅ በ1945 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ሲጀምር የሚቀበላቸው ተማሪዎች ጥቂቶች ነበሩ። ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ አማርኛ፣ ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ደግሞ የየአካባቢው ቋንቋ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሆነ። ሕፃን በሚገባው ቋንቋ መማሩ ተገቢ ነው። ሆኖም እንግሊዝኛ የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያነቱን እንደያዘ ስለቆየ፣ በሁለቱ መካከል ያለውን መሸጋገሪያ የሚያበጅ ሥራ እጅግ አስፈላጊ ነበር።

ክፍተቱ በምህንድስና ላይ ይከብዳል። የመካኒክስ ጥያቄ የሚጀምረው በቁጥር ሳይሆን በዐረፍተ ነገር ነው። አግዳሚው ብረት የት የት እንደተደገፈ፣ ክብደቱም በየት በኩል እንዳረፈ አንብቦ ያልተረዳ ተማሪ ኃይሎቹን በሥዕል ሊያሳይ አይችልም፤ ሥዕሉ ከተሳሳተ ደግሞ ስሌቱ ቢሰምርም መልሱ ከንቱ ነው። ስለሆነም ያለፉ ፈተናዎችን ወደ መሸምደድ ያዘነብላል። ኮርሶቹም የተያያዙ ናቸውና ካልኩለስን በጭንቅ ያለፈ መካኒክስን፣ መካኒክስን በጭንቅ ያለፈም የሕንፃ መዋቅር ስሌትን እየተንገዳገደ ይጀምራል።

ይህን ክፍተት በመጠኑ ያጠብ የነበረው የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት ነበር። 11ኛና 12ኛ ክፍል መሰናዶ ተብለው ሥራውን እንዲረከቡ ሲደረግ፣ ዓመቱ ከ1996 ዓ.ም. አንሥቶ ከዩኒቨርሲቲ ወጣ። ሐሳቡ በወረቀት ላይ የሚነቀፍ አልነበረም። በክፍል ውስጥ ግን ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ትምህርቱ ከሳተላይት በፕላዝማ ቴሌቪዥን ይተላለፍ ስለነበር፣ ለመምህሩ የቀሩት የመግቢያና የማጠቃለያ ጥቂት ደቂቃዎች ነበሩ። ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣ ቴሌቪዥኑ አይጠብቀውም። በ2001 ዓ.ም. ገደማ 70 ከመቶው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲመደብ ሲወሰን ደግሞ፣ ምርጫቸው ያልሆነና መሠረታቸው የሳሳ ወጣቶች ጭምር ምህንድስና ደረሳቸው።

የመጀመሪያው ዓመት ትምህርት በ2012 ዓ.ም. ተመለሰ። ይሁን እንጂ ለ2014 የትምህርት ዘመን በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና፣ ወደ 900,000 ከሚጠጉ ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸው ሲገለጽ፣ የተመለሰው ዓመት ብቻውን የሚሸከመው ጭነት እንዳልሆነ ታየ፤ ሬሜዲያል የሚባለው የአቅም ማሻሻያ ትምህርትም በ2015 ዓ.ም. ከፊቱ ተጨመረ።