ያልደረሰ ደብዳቤ፤ የኢሜይል መቀበያ መሥመር ከሞደም ዘመን እስከ አሶሳ

በአሶሳም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል የኢሜይል ሰርቨር ለሚጠብቅ ባለሙያ እጅግ አስቸጋሪው ብልሽት፣ ደብዳቤ መውጣቱን ሳያቋርጥ መግባቱን ብቻ ያቆመ እንደሆነ ነው። የላከው ደብዳቤ ቢመለስበት ወዲያው ያውቃል፤ ያልደረሰውን ግን በምን ያውቃል?

ኢንተርኔት በኢትዮጵያ በ1989 ዓ.ም. አገልግሎት ከመጀመሩ በፊት፣ አዲስ አበባ በሚገኘው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ፣ ፊዶኔት በተባለው ዘዴ ኢሜይል በስልክ መሥመር ያመላልስ ነበር። ፊዶኔት በ1976 ዓ.ም. በአሜሪካ የተፈጠረ ነው። ደብዳቤው ተጠራቅሞ ይቆይና አንዱ ኮምፒዩተር በሞደም ይደውላል፤ ሌላው ያነሣል። መሥመሩ ሲበላሽ ብልሽቱ በጆሮ ይሰማ ነበር፤ ይኸውም ደወሉ ዝም ይላል፣ አለዚያም ሞደሞቹ ፉጨታቸውን ጀምረው ሳይግባቡ ይቀራሉ። ዛሬ ኋላ ቀር የሚመስለው ይህ ዘዴ በዚህ ረገድ ከተተኪው ይሻል ነበር።

ተተኪው፣ ደንቡ በ1974 ዓ.ም. የወጣው ኤስ.ኤም.ቲ.ፒ.፣ ድምፅ የለውም። ላኪው ሰርቨር የተቀባዩን አድራሻ ከዲ.ኤን.ኤስ. መዝገብ ጠይቆ 25ኛውን ፖርት ያንኳኳል። ካልተከፈተለት ደብዳቤውን ይዞ ደጋግሞ ይሞክራል፤ ተስፋ የሚቆርጠውም፣ ደንቡ እንደሚመክረው፣ ቢያንስ ከ4 ወይም ከ5 ቀን በኋላ ነው። በአሶሳ መብራት አንድ ሌሊት ቢጠፋ ደብዳቤ የማይጠፋው በዚህ ትዕግሥት ነው። ነገር ግን ያው ትዕግሥት ብልሽትን ይሸፍናል፤ ለጤና ቢሮ የተላከ አስቸኳይ ማስታወቂያ አዲስ አበባ ላይ ተሰልፎ ቀናት ሊያልፉት ይችላሉ።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የተጀመረው ወረዳኔት ሩቅ ወረዳዎችን በሳተላይት ከማዕከል ሲያገናኝ፣ በሰርቨርና በውጭው ዓለም መካከል ያሉት በሮች በዙ። ሳተላይቱ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነ የደርሶ መልሱ ጉዞ ግማሽ ሴኮንድ ይፈጃል፤ ይህ መዘግየት እንጂ ብልሽት አይደለም።

ብዙውን ጊዜ የሚያሳስተው ፍተሻውን ከዚያው ከቢሮ ውስጥ ማድረግ ነው። ሰርቨሩ ለጎረቤቱ ኮምፒዩተር በ220 ቁጥር ሰላምታ ይሰጣል፤ ባለሙያውም «ደኅና ነው» ብሎ ይሄዳል። ከውጭ ሲሞከር ግን መልሱ ይለያያል። «እምቢ» የሚል መልስ ፈጥኖ ከመጣ፣ መንገዱ ክፍት ሆኖ የሚያዳምጥ ፕሮግራም ሳይኖር አይቀርም። ዝምታ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ፋየርዎሉ ጥሪውን ውጦታል፤ ወይም ዲ.ኤን.ኤስ. የተለወጠውን አድራሻ ሳይሆን የቀድሞውን ይናገራል።

አሁን ባለሙያው ከኪሱ የሞባይል ስልክ አውጥቶ እንደ ውጭ ሰው ሊያንኳኳ ይችላል። ይሁን እንጂ ብዙ የሞባይል መረቦች አይፈለጌ መልእክትን ለመከላከል ይህንኑ 25ኛ ፖርት ስለሚዘጉ፣ በዚያ የተገኘ ዝምታ የስልኩ መረብ እንጂ የሰርቨሩ ላይሆን ይችላልና፣ ከሌላ ከተማ ሁለተኛ ምስክር መጥራት ያሻል።