«የቱርክ ሥራ» ስለሚባሉት የሐረር ጃሚዕ መስጊድ ሚናራዎች

በታሪክ ጽሑፎቻችን ውስጥ «ቱርክ» የሚለው ቃል ከአንድ በላይ ሸክም ተጭኖበት ይገኛል። በ1557 ምጽዋን የያዘው የኦዝደሚር ፓሻ ሠራዊት ቱርክ ነው። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1875 በጉንደት፣ በ1876 ደግሞ በጉራ ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊት ጋር የተዋጋው የግብጽ ጦርም በአባቶቻችን አንደበት ያው ቱርክ ነው። በሱዳንም ከ1821 እስከ 1885 የቆየውን የግብጽ አገዛዝ ሕዝቡ «ቱርኪያ» ይለዋል። (ዘመኑን ሁሉ የጻፍሁት እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።) እንግዲህ ስለ አንድ አሮጌ ሕንጻ «የቱርክ ሥራ ነው» ሲባል፣ የታሪክ ተማሪ «የትኛው ቱርክ?» ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። እኔም ይህንኑ ጥያቄ ይዤ የሐረርን ጃሚዕ መስጊድ ለማየት ሄጄ ነበር።

አንዳንድ ጓደኞቼ የነቀምቴን ልጅ ስለ ሐረር መስጊድ ምን አገባው ይላሉ። መልሱ የሚገኘው በወለጋ ታሪክ ውስጥ ነው። የግብጹ ገዥ ሙሐመድ ዓሊ በሱልጣኑ ስም ሱዳንን እንዲይዝ ልጁን እስማኤል ፓሻን በላከ ጊዜ፣ ሠራዊቱ ፋዞግሊን አልፎ ወርቅ እየፈለገ እስከ ቤኒ ሻንጉል ኮረብታዎች ደርሷል። ይህ ኋላ በወለጋ ጠቅላይ ግዛት ሥር የአሶሳ አውራጃ የተባለው አገር ነው። ሙሐመድ ዓሊ ራሱም በስተርጅናው፣ በ1838 ከካይሮ ተነሥቶ ያንኑ ወርቅ ለማየት ፋዞግሊ ድረስ መጥቷል። በዚያን ጊዜ በካይሮ ግምብ ላይ በ1830 ያስጀመረው ታላቅ መስጊድ፣ እንደ ኢስታንቡል ወግ ባለ ትልቅ ጉልላትና ባለ ሁለት ቀጫጭን ሚናራ ሆኖ፣ ገና በመሠራት ላይ ነበር። ወደ እኛ በኩል የመጡት ሰዎቹ ግን ወርቅና ባሪያ ፈላጊዎች እንጂ ሕንጻ ሠሪዎች አልነበሩም። በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ስሙ ዘወትር ይነሣ የነበረው ኦኔሲሞስ ነሲብም በ1881 ወደ ኦሮሞ አገር ለመግባት የሞከረው በዚሁ በግብጾች ግዛት፣ በካርቱም በኩል ነው፤ እስከ አሶሳ ደርሶ ተመለሰ፤ ነቀምቴ የገባው በ1904 ነው።

ስለዚህ በወለጋ የኦቶማን መስጊድ የሚፈልግ ሰው አያገኝም። እስልምና ወደ ምዕራብ ወለጋ የገባው በብዛት ጀላባ ከሚባሉት የሱዳን ነጋዴዎችና ከሼሆች ጋር ነው። ጀላባ ደግሞ ጨውና ጨርቅ ይጭናል እንጂ አናጢና ግንበኛ አስከትሎ አይመጣም። በቤጊም ሆነ በአሶሳ የቀድሞዎቹ መስጊዶች እንደ ሰዉ መኖሪያ ከእንጨትና ከጭቃ ተሠሩ፤ ኋላም ሣሩ በቆርቆሮ ተለወጠ። የአገሪቱን ምሥራቅና ምዕራብ በአንድ ሰው ታሪክ ውስጥ የሚያገናኙልን ራስ መኰንን ናቸው፤ ከ1887 ጀምሮ ሐረርን ሲገዙ ቆይተው ከ1897 እስከ 1898 ባለው ጊዜ ወደ ቤኒ ሻንጉል ዘምተዋልና። እኔ የሄድሁት የእርሳቸውን መንገድ ወደ ኋላ ነው ማለት ይቻላል።

ወደ ሕንጻው ከመግባታችን በፊት መለኪያችንን እንያዝ። የኦቶማን መስጊድ ሲባል በሊቃውንቱ ዘንድ የሚጠቀሰው በኢስታንቡል ሲናን የተባለው መሐንዲስ የሠራው ሱለይማኒያ ነው። ተሠርቶ ያለቀው በ1557፣ ማለት ምጽዋ በተያዘችበት ዓመት መሆኑ የሚያስገርም ግጥምጥሞሽ ነው። የመካከለኛው ጉልላት ስፋት 26 ሜትር ያህል፣ ከወለሉ እስከ አናቱ ያለው ከፍታ 53 ሜትር ያህል ነው። ጥበቡ ግን በቁጥሩ አይደለም። ትልቁ ጉልላት በግማሽ ጉልላቶች ላይ፣ እነርሱም በታናናሾቹ ላይ እየተደገፉ ክብደቱ በደረጃ ወደ መሬት ይወርዳል። በዚህም ምክንያት ብዙ ሺሕ ሰጋጅ በአንድ ሰማይ ሥር እንደ ቆመ ሆኖ፣ ምሰሶ ሳይከልለው ሚሕራቡን ለማየት ይችላል። ሚናራው ደግሞ እንደ ተቀረጸ እርሳስ ቀጥ ብሎ ወጥቶ በሹል ክዳን ይጨረሳል።

በዚህ መለኪያ ወደ ሐረር የሄደ ሰው መጀመሪያ ያዝናል። በጀጎል ቅጥር ውስጥ የተቆጠሩት 82 መስጊዶች አብዛኞቹ ትንንሾች ናቸው፤ ከጎረቤታቸው ቤት ለመለየት እንኳ የሚያስቸግሩ አሉ። ግድግዳው በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ሆኖ ኖራ ተቀብቷል፤ የቀድሞው ጣሪያ በጥድ አግዳሚ ላይ አፈር የተደለደለበት ጠፍጣፋ ነው። ጃሚዑ ግን ትልቅ ነው፤ በየዘመኑም ሰፍቷል፣ ታድሷል። እስላም ያልሆነ ሰው ወደ ውስጥ ስለማይገባ እኔ የቆምሁት በደጁ ላይ ነው። ለሚናራዎቹ ግን ይህ በቂ ነበር። ሁለቱም ነጫጭ፣ ክብ፣ ከሥራቸው ሰፍተው ወደ ላይ እየጠበቡ የሚሄዱ ናቸው። እርሳስን አይመስሉም፤ እኔንስ ያስታወሱኝ በጭቃ የተመረገ የሸክላ ጋንን አንገት ነው። ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍባቸው ኖራው ከአጠገቡ ካለው ቤት ኖራ ጋር አንድ ቀለም ይሆንና ሚናራው ከከተማዪቱ ውስጥ የበቀለ ይመስላል።

«የቱርክ ሥራ» የሚለው ቃል ወደ መጽሐፍ የገባው በእንግሊዛዊው ሪቻርድ ቡርተን ብዕር ነው። ቡርተን በጥር ወር 1855 ሐረር ገብቶ 10 ቀን ቆይቷል። ጃሚዑን ከድሃ ጎተራ ጋር አመሳስሎ ንቆታል። (የወለጋ ልጅ ጎተራን አይንቅም፤ ዳሩ ግን ይህን እንተወው።) ስለ ሚናራዎቹ ግን ሁለት ቁም ነገር ጽፏል። አንደኛው፣ ከሞካና ከሁዴይዳ በመጡ የቱርክ ግንበኞች የተሠሩ መሆናቸው ነው። ሁለተኛው፣ ከሁለቱ አንዱ በቅርቡ ወድቆ ከቀድሞው ባነሰ ሥራ መተካቱ ነው።

የመጀመሪያውን ቃል እንመርምር። ሞካና ሁዴይዳ የየመን ወደቦች ናቸው፤ የሐረር ቡናም ባሕር ተሻግሮ የሚደርሰው ወደዚያ ነበር። ስለዚህ ግንበኛ ከዚያ መምጣቱ የሚያጠራጥር አይደለም። ነገር ግን ኦቶማኖች የመንን በ1538 ይዘው በ1630ዎቹ ለቀዋል፤ ሁዴይዳን እንደገና የያዙት በ1849 ነው። ሚናራዎቹ በመካከለኛው ሁለት መቶ ዓመት ውስጥ ከተሠሩ፣ ግንበኞቹ የሱልጣኑ ተገዢዎች ሊሆኑ አይችሉም፤ «ቱርክ» የተባሉት ባሕር ተሻግረው በመምጣታቸው ነው ማለት ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ ቢሆኑ እንኳ ቅርጻቸው የኢስታንቡል ሳይሆን ኖራ የሚወደው የቀይ ባሕር ጠረፍ ነው። በእኔ አስተያየት ቡርተን የጻፈው የሕንጻውን ዓይነት ሳይሆን የሰማውን ስም ነው።

እውነተኛው የኦቶማን መንግሥት ወደ ሐረር የገባው ከቡርተን 20 ዓመት በኋላ ነው። ራኡፍ ፓሻ በጥቅምት ወር 1875 በግብጽ ጦር ከተማዪቱን ያዘ፤ ግብጽም በሕግ የሱልጣኑ ግዛት ነበረች። ግብጾች 10 ዓመት ያህል ሲቆዩ በፈረስ መጋላ መስጊድ ሠርተዋል። በ1885 ለቀው ሄዱ፤ በጥር 1887 ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ምኒልክ ከተማዪቱን ሲይዙ የመስጊዱ ቦታ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። እንግዲህ በሐረር በመንግሥት ትእዛዝ የተሠራው የኦቶማን መስጊድ የለም። የቆመው በክፍያ የመጡት የባሕር ማዶ ግንበኞች የጀመሩትና የከተማው ሰው የጠበቀው ነው።

ከዚህ የተነሣ እኔን ይበልጥ የሳበኝ ቡርተን ያናናቀው ሁለተኛው ሚናራ ነው። የወደቀውን ለመተካት እንደገና ከሁዴይዳ ግንበኛ ካልተጠራ፣ ሥራው የሐረር ግንበኞች እጅ ነው፤ ማነሱም የተማሩበትን ያሳያል። የባዕድን ሥራ አይቶ፣ በአገሩ ድንጋይና ጭቃ ደግሞ መሥራት ምን ያህል እንደሚቸግር የሚነግረን ይህ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ማወቅ ለሐረር ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ዛሬ በነቀምቴም በአሶሳም አዲስ መስጊድ ሲሠራ ከሥዕል የተቀዳ የቆርቆሮ ጉልላትና ቀጭን ሚናራ ይወጣለታል፤ የእንጨቱ አሮጌ መስጊድ ግን ሳይለካና ፎቶግራፍ ሳይነሣ ይፈርሳል። ያን ጊዜ የወለጋ እስላም በራሱ እጅ ምን ይሠራ እንደ ነበር የሚመሰክር አይቀርም።

በሐረር የሚያስፈልገው ሥራ ብዙ ወጪ የለበትም። በመስጊዱ ሽማግሌዎች ፈቃድ የሁለቱን ሚናራዎች ዙሪያ በየሁለት ሜትሩ ከሥር እስከ ጫፍ መለካት፣ ኖራው በተላጠበት ቦታ የድንጋዩን አጠራረብና የጭቃውን ዓይነት ማነጻጸር፣ ከኋለኛው ዘመን ዕድሳት የመጣውንም ለይቶ መጻፍ ነው። ሁለት ተማሪ፣ አንድ ገመድና አንድ መሰላል በአንድ የዕረፍት ወር ይጨርሱታል፤ መሰላሉንም ቢሆን ሰፈሩ ሳያውሰን አይቀርም።