መሐል ላይ የቆመው ማን ነው?

ጋምቤላ፣ ባሮ ድልድይ ላይ ቆማችሁ በስልካችሁ «ፓኖራማ» አንስታችሁ ታውቁ ይሆናል። ቃሉ ከስልኩ በጣም ይበልጣል፤ ዕድሜው ከ200 ዓመት በላይ ነው።

ሮበርት ባርከር የተባለ ሰዓሊ እ.ኤ.አ. በ1787 እንግሊዝ አገር አዲስ የሥዕል ዘዴ አስመዘገበ። ግዙፍ ሸራ በክብ አዳራሽ ግድግዳ ዙሪያውን ይወጠራል። ተመልካቹ በጨለማ መተላለፊያ አልፎ መሐል ያለው ሰገነት ላይ ይወጣል። የሸራው የላይና የታች ጠርዝ ስለሚሸፈን ሥዕሉ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም። ቲያትር ቤቶች ከመድረክ ጀርባ በግማሽ ክብ የሚዘረጉት መጋረጃም የዚሁ ዘመድ ነው።

ነገሩ መዝናኛ ብቻ ሆኖ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1913 በቤልጂየሙ የጌንት ኤግዚቢሽን የኮንጎ ፓኖራማ ለሕዝብ ታየ፤ ርዝመቱ 115 ሜትር፣ ቁመቱ 14 ሜትር። ሰገነቱ ላይ የሚቆመው አውሮፓዊ ነው። ኮንጎዎቹ ሸራው ውስጥ ናቸው፤ ይታያሉ እንጂ አያዩም።

ይህ ከጋምቤላ ጋር ምን አገናኘው? በዚያው ዘመን ባሮንም ከሩቅ ሆነው የሚያዩት ነበሩ። በግንቦት 1894 ዓ.ም. በተፈረመው ውል አፄ ምኒልክ ለእንግሊዝ ኢታንግ አካባቢ የንግድ ጣቢያ ቦታ ፈቀዱ፤ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ፣ የወንዝ ዳሩ ከ2,000 ሜትር የማያልፍ። ጣቢያው ኋላ ጋምቤላ ላይ ተቋቋመ። አኙዋውም ኑዌሩም ተዋዋይ አልነበሩም፤ ሸራው ውስጥ ነበሩ።

የእኛ አገር የዙሪያ ሥዕል ግን ሌላ መንገድ አለው። ጣና ላይ ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ክብ ናት፤ መሐሏ ባለ አራት ማዕዘን መቅደስ። በጨርቅ ተስለው የመቅደሱ ግድግዳ ላይ የተለጠፉት ሥዕሎች ፊታቸው ወደ ውጭ ነው። መሐሉ የታቦቱ ነው፤ የሚዞረው ሰው ነው። ያልዞረ አንዱን ጎን ብቻ አይቶ ይመለሳል።

የጋምቤላ ዜና ዛሬም ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው አዲስ አበባ ሰገነት ላይ ተቆሞ ነው፦ ስደተኛ፣ ጎርፍ፣ ግጭት። ሦስቱም እውነት ናቸው፤ ሦስቱም ግን አንድ ጎን ናቸው። እኔም በዚሁ ሙያ ያለሁ ነኝና ከወቀሳው አልወጣም። ሙሉውን ማየት የፈለገ ከሰገነቱ ወርዶ ይዙር፤ ሲዞርም ሥዕሉ ውስጥ ያሉትን «ከእናንተ በኩል ምን ይታያል?» ብሎ ይጠይቅ።